ሐዋሳ የቡና መድረክ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ምን ልበል?

ቀይ እሸት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። በቅርቡ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ሆቴል ላኪዎች፣ የገበሬ ማኅበራት፣ ባንኮችና ጥቂት የውጭ ገዢዎች የሚገናኙበት የሁለት ቀን መድረክ አለ። መሥሪያ ቤቴን ወክዬ የምገባው እኔ ነኝ። ሲዳማ ውስጥ በንሳ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እሸቱ (ቀዩ የቡና ፍሬ) ታጥቦ አልጋ በሚመስል ከፍ ያለ መደብ ላይ የሚደርቅበት ቦታ ነው። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ የሚቸግረኝ ራሴን ማስተዋወቁ ነው። ስሜን ተናግሬ «ጥራት ላይ ነው የምሠራው» ካልኩ ወሬው እዚያው ይቆማል። ድምፄም እየሳሳ ይሄድና «ምን አልሽኝ?» እባላለሁ። ቆመው የሚጫወቱ ሰዎች መሃል እንዴት እንደሚገባ አላውቅም፤ ለትልልቅ ሰዎች ስለ ራስ ማውራትም ጉራ ይመስለኛል። ከውጭ ገዢዎች ጋር ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። «አይዞሽ፣ በራስሽ ተማመኚ» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁና የሚሠራ ነገር ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።

ሐይቅ ዳር

ከጉራው ልጀምር፣ ሌላውን የሚያሰናክልሽ እሱ ስለሆነ። ጉራ የሚሆነው ራስሽን በቅጽል ስትገልጪ ነው። «ታታሪ ነኝ፣ ሰፊ ልምድ አለኝ» ስትዪ ሰሚው ማረጋገጥ አይችልም፤ ስለዚህ ወይ ዝም ብሎ ያልፋል ወይ ይታዘብሻል። «እሸቱን የምቀበለውና ማድረቂያ አልጋው ላይ የምከታተለው እኔ ነኝ» ስትዪ ግን መረጃ ሰጠሽ። መረጃ ማንንም አያስቀይምም። ይሉኝታሽን ለቅጽሎቹ አቆዪው፣ ለሥራሽ አታውጪው።

ወሬው ለምን ይቆማል? «ጥራት ላይ» የክፍል ስም ነው፤ ሰው ከክፍል ስም ጥያቄ ሊያወጣ አይችልም። በእጅሽ የምትሠሪውን በግስ ንገሪው፤ ከዚያ ሊጠይቅሽ የሚችል አንድ ዝርዝር ጨምሪና ጥያቄውን ወደ እሱ መልሺ። እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ እገሊት እገሌ እባላለሁ። በንሳ ባለው የእገሌ ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቅበላውንና ማድረቁን እቆጣጠራለሁ። የየቀኑን ቅበላ ሳንቀላቅል ለየብቻ ነው የምናደርቀው። እርስዎ በብዛት የሚወስዱት የታጠበውን ነው ከነልጣጩ የደረቀውን?»

ይህን ስልክሽ ላይ ቀድተሽ ስሚው። ከ15 እስከ 25 ሰከንድ መሆን አለበት። 30 ካለፈ ዝርዝሩ በዝቷል፤ ከ10 ካነሰ ደግሞ ወይ ሮጠሻል ወይ ጥያቄውን ዘለሻል። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ጥያቄውን ነው። ያለ ጥያቄ ካበቃሽ ሰውየው «እሺ፣ ጥሩ» ከማለት ሌላ መንገድ የለውም።

ድምፅን በተመለከተ፦ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ከጀመርሽ «እቆጣጠራለሁ» የሚለው ተውጦ ይቀርና ሰሚው ስለ ምን እንደምታወሪ እንጂ ምን እንደምታደርጊ አይደርሰውም። መድኃኒቱ ጩኸት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ቃል አታስረዝሚው፤ ከስምሽ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ውሰጂ፤ የመጨረሻውን ቃል እንደ መጀመሪያው ድምፅ ያዢው። ሲለማመዱት ይጋነናል፣ አዳራሽ ውስጥ ሲሰማ ግን ልክ ይሆናል። በስምሽና በአባትሽ ስም መካከልም ትንሽ ክፍተት ተዪ፤ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ሲወጡ ጫጫታ ውስጥ አንድ የማይታወቅ ስም ይሆናሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለራስሽ ማዕረግ አትስጪ። «ወይዘሪት እገሊት እባላለሁ»፣ «ኢንጂነር እገሌ እባላለሁ» አይባልም፤ ማዕረጉን ሌላው ይስጥሽ። ካስፈለገ ካርድሽ ላይ ይጻፍ።

ታቦር ሥር

ሐይቅ ዳር ንግግሩን ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ ላውራ፤ ጥሩ ንግግር ያላቸው ሰዎች የሚበላሹት እዚያ ነው።

እንዲህ ያለ መድረክ አካሄዱ ይታወቃል። ምዝገባ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ የክብር እንግዳው መክፈቻ 3 ሰዓት ተብሎ ይዘገያል፣ ሻይ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል። ለትውውቅ ምርጡ ጊዜ ከምዝገባ እስከ መክፈቻው ያለው ነው። ሰው ገና ቡድን አልሠራም፣ ብቻውን ቆሞ ስልኩን የሚነካካው ይበዛል፣ እሱም የሚያናግረው ይፈልጋል። ስለዚህ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ድረሺ። መጥፎው ጊዜ ከመክፈቻው ንግግር ቀጥሎ ያለው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሁሉም ኃላፊዎቹን ይከባል፣ እዚያ የተነገረ ስም አይያዝም። በሻይ ሰዓት በር ላይ አትቁሚ፤ ጀበናው ያለበት ጥግ ሂጂ። እዚያ ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ቡና ሰውም ስለ ቡናው የሚለው አያጣም። የቡና መድረክ ላይ የሚቀርበው ቡና የሚታማ ከሆነ ደግሞ ወሬው ራሱን ይጀምራል።

ቡድን መሃል መግባት። መጀመሪያ እግራቸውን ተመልከቺ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው የጫማቸው አፍንጫ ወደ እርስ በርስ ከዞረ ጉዳይ እየጨረሱ ነው፣ ተያቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው አንድ ወገን ክፍት ከተዉ ክፍቱ ላይ አንድ እርምጃ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ ራስሽን ዝቅ አድርገሽ ሰላም በዪ፣ የሚናገረው እስኪጨርስ ጠብቂ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ልቀላቀላችሁ?» ይበቃል። ቶሎ ብለሽ ስምሽን አትዘርዝሪ፤ ወሬው ምን እንደሆነ ግማሽ ደቂቃ ሰምተሽ ግቢ። ተቀምጠው ያሉ ታላላቆች «ኖር» ብለው ብድግ ማለት ከጀመሩ «በእግዚአብሔር፣ አይነሱ» ብለሽ እስኪረጋጉ ቆዪ። ግማሽ ተነሥቶ ላለ ሰው የተነገረ ስም በከንቱ ይቀራል።

ሰላምታ በቀኝ እጅ ነው። በዕድሜ ወይም በኃላፊነት ለሚበልጥሽ ግራ እጅሽን የቀኝ ክንድሽ ላይ አሳርፊ፣ አንገትሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊ፤ ዓይንሽን ግን መልሰሽ ቀና አድርጊ። አክብሮት የሚባለው አንገት ዝቅ ማለቱ ነው፤ ወለል እያዩ ስም መናገር ሌላ ነገር ነው። ሙስሊም ወንዶችም ሴቶችም ከተቃራኒ ፆታ ጋር ላይጨባበጡ ስለሚችሉ እጅ ሳትዘረጊ ግማሽ ሰከንድ ጠብቂ፤ ካልተዘረጋልሽ ቀኝ መዳፍሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ምሳ ላይ እጁ በወጥ የተነካካ ሰው አንጓውን ይሰጥሻል፣ አንጓውን ጨብጪው፤ ግራ አይግባሽ። ኩባያሽን ሁልጊዜ በግራ ያዢ፣ አለበለዚያ የምትሰጪው እርጥብ እጅ ነው።

ከማኅበራት የሚመጡ ሽማግሌዎች ይኖራሉ። በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) ሰላምታ ማቅረብ ከቻልሽ በእሱ ጀምሪ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ብትዞሪም ችግር የለም። «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ከሁለቱ አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻው ያዢው። በመሃል ወደ «አንተ» ማንሸራተት ከመጀመሪያው «አንተ» ከማለት ይብሳል።

ባጁንም አትርሺ። በገመድ የሚንጠለጠለው ባጅ ሁልጊዜ ይገለበጣል፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ ወረቀት ለብሰሽ ትውያለሽ። ሲሰጡሽ ወዲያው ጀርባው ላይም ስምሽንና ጣቢያሽን በወፍራም ማርከር ጻፊ።

ሚዛን

ትንሽ ልቃወም። ድምፁም እግሩም ጥሩ ነው፣ ግን ከቡና ሰዎች ጋር የምትፈተኚው በሁለተኛው ደቂቃ ነው። «የየቀኑን ቅበላ ለየብቻ እናደርቃለን» ካልሽ ቀጣዩ ጥያቄ ቁጥር ነው። መልሱ በአፍሽ ካልተዘጋጀ ያን ጊዜ ነው ድምፅሽ የሚሳሳው። መተማመን የምትሉት ነገር ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም።

የጣቢያሽን እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ትንሽ ወረቀት ጽፈሽ በቃልሽ ያዢ፦ የጣቢያው ከፍታ በሜትር፤ በወቅቱ ስንት ኪሎ እሸት እንደተቀበላችሁ፤ ከስንት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና እንደወጣ (ለታጠበ ቡና ወደ 6 ለ 1 የሚጠጋ ነው፣ የእናንተ ከዚያ በብዙ ከራቀ ምክንያቱን እወቂ)፤ የማፍላቱ (ፍሬው ላይ ያለው ሙጫ እስኪለቅ የሚብላላበት) ጊዜ በሰዓት፤ አልጋ ላይ የሚቆይበት ቀን፤ ወደ መጋዘን ሲገባ ያለው እርጥበት። እርጥበቱን ገዢ ሁሉ ይጠይቃል። ከ10 እስከ 12 ከመቶ መካከል ካልሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ሻጋታ፣ ብዙ ዝቅ ካለ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። የቅምሻ ነጥብ ካላችሁ ማን እንደቀመሰው ጭምር ተናገሪ። ከ100 80 እና ከዚያ በላይ ስፔሻሊቲ (ልዩ ጥራት ያለው) ይባላል፤ ግን የራስሽ ላቦራቶሪ የሰጠው 86 እና ገለልተኛ ቀማሽ የሰጠው 86 ለገዢ አንድ አይደሉም። ሳይጠይቅሽ ምንጩን ብትነግሪው ያምንሻል።

የማታውቂውን ከተጠየቅሽ «እሱን መዝገቡን አይቼ ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ» በዪ። ግምት አትናገሪ፤ የቡና ሰው ቁጥር አይረሳም። «ዛሬ ማታ» ብለሽ ካልላክሽ ደግሞ ከነጭራሹ ባትናገሪው ይሻል ነበር።

የማይነገርም አለ። እሸት በስንት እንደገዛችሁ፣ ለማን እንደምትሸጡ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ኬሻ እንደቀረ የአሠሪሽ ምስጢር ነው። በጨዋታ መሃል «ዘንድሮ እሸት በስንት ያዛችሁ?» የሚሉ ጎረቤት ጣቢያዎች ይኖራሉ። «የዋጋውን ነገር ሥራ አስኪያጃችን ነው የሚያውቀው፣ ላገናኝዎት» ብለሽ ሳቅ በዪ። ከመሄድሽ በፊት አለቃሽን «የትኛውን ቁጥር መናገር እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ይህ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ቀይ እሸት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅሞኛል። እንዲህ ሞከርኩት፣ አርሙኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ እገሊት እገሌ እባላለሁ። በንሳ ከሚገኘው ከእገሌ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው የመጣሁት፤ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ስሆን ከእሸት ቅበላ ጀምሮ እስከ ማከማቸት ድረስ ያለውን የጥራት ሂደት በመከታተል ላይ እገኛለሁ። ማፍላቱ 36 ሰዓት፣ ማድረቁ 12 ቀን፣ እርጥበቱ 11 ከመቶ ነው። ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል።»

ሐይቅ ዳር

መሃሉ የደብዳቤ አማርኛ ሆኗል። «በመከታተል ላይ እገኛለሁ» ለሪፖርት እንጂ ለአፍ አይደለም፤ «እከታተላለሁ» በዪ። «የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ስሆን» ይውጣ፤ እሸት እንደምትቀበዪና እንደምታደርቂ ከሰማ ባለሙያ መሆንሽን ራሱ ይደርስበታል። ሦስቱን ቁጥር በአንዴ አታፍስሺው። አንዱን ብቻ ተናገሪ፣ ሁለቱ ሲጠየቁ ይውጡ፤ ሚዛን በቃልሽ ያዢ ያለው እንድትመልሺባቸው ነው። ጥያቄውንም መልሰሽ ዘለልሽው! «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» መሰነባበቻ ነው፤ ገና በር ላይ ሳለሽ ደህና ሁኑ እያልሽ ነው።

እንዲህ ብታሳጥሪውስ፦ «እገሊት እገሌ እባላለሁ፣ ከበንሳ። እሸት እቀበላለሁ፣ አልጋ ላይ እስኪደርቅ እከታተላለሁ። የዘንድሮውን በአማካይ 12 ቀን ነው ያደረቅነው። እርስዎ የበንሳ ቡና ወስደው ያውቃሉ?»

ለባንክ ሰው ግን 12 ቀን ምንም አይነግረውም። ለእሱ «በወቅቱ ይህን ያህል ኪሎ እሸት የሚቀበል ጣቢያ» ብለሽ ጀምሪ፤ መጠኑን መናገር ይፈቀድልሽ እንደሆነ ሚዛን እንዳለው አለቃሽን ጠይቂ። ለማኅበር ሊቀመንበር ደግሞ ከየትኛው ቀበሌ እሸት እንደምትቀበዪ ይቅደም። ስሙና ጥያቄው አይነካም፣ የሚቀየረው መሃሉ ብቻ ነው።

መድረክ መሪው ማይክራፎን እያዞረ «እስቲ ራሳችሁን አስተዋውቁ» ካለ ጥያቄው ይቅር። ስም፣ ጣቢያ፣ አንድ ግስ፣ ቁጭ። ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ተነሥተሽ ተናገሪ፣ ማይኩን ከአፍሽ አራት ጣት ያህል አርቀሽ ያዢው። «ይሰማል?» እያልሽ አትምቺው።

ኤክስፖርት ዴስክ

ስለ ውጭ ገዢዎቹ የተነካ የለም፣ እኔ ልሙላ።

ስም፦ አብዛኞቹ የአባትሽን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉትና ኢሜይል ሲጽፉልሽ በአባትሽ ስም ይጠሩሻል። «እኛ ዘንድ መጠሪያው የመጀመሪያው ስም ነው፣ በእሱ ጥራኝ» ብለሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው። ስምሽ ውስጥ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ወይም ቀ ካለ ቀስ ብለሽ ሁለቴ በዪው፣ ባጅሽንም አሳዪ። ሌላ ቅጽል ስም አትፍጠሪ፣ በኋላ ካርድሽ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም።

ዓመት፦ «በ2013 ተመረቅሁ» ካልሽ በእነሱ አቆጣጠር ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ትሄጃለሽ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ጨምሪ፤ የሐምሌ 2013 ተመራቂ ለእነሱ የ2021 ነው። የምርት ዘመንም እንዲሁ ነው፣ ናሙና ላይ የተሳሳተ ዓመት ተጽፎ ሄዶ ያረጀ ቡና የሚመስልበት ጊዜ አለ። ሰዓትም እንዲሁ፦ «ነገ በ3» ያልሽው ለእሱ ከሰዓት በኋላ ነው። «ጠዋት» የሚለውን ጨምረሽ በእነሱ አቆጣጠር 9 በዪ።

ቋንቋው፦ ሰዋስው ሳይሆን ፍጥነት ነው የሚያበላሸው። የማይቀሩሽን ቃላት አስቀድመሽ አጥኚ፦ ቼሪ (እሸት)፣ ፐልፒንግ (ልጣጩን ማላቀቅ)፣ ፈርመንቴሽን (ማፍላት)፣ ሬዝድ ቤድ (ማድረቂያ አልጋ)፣ ሞይስቸር (እርጥበት)፣ ስክሪን ሳይዝ (የፍሬው መጠን)፣ ሎት (ለብቻ የተያዘ ምርት)። እነዚህን ሰባቱን በትክክል ካልሽ የቀረው ቢደነቃቀፍም ሥራው ይገባቸዋል። አልሰማሽም? ፈገግ ብለሽ «አዎ» አትበዪ። ናሙና ስንት ግራም እንደጠየቀሽ ሳይገባሽ «አዎ» ብለሽ ልትገኚ ትችያለሽ። ድገምልኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪው።

ካርድ፦ በአንድ ወገን አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። 300 ግራም የሚባለው ወፍራም ወረቀት፣ 9 በ5 ሴንቲ ሜትር። ማተሚያ ቤቱ በሁለቱም ወገን የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን ልሥራልሽ ይላል፤ እሺ አትበዪ፣ ገዢው እስክሪብቶ ይዞ «በንሳ፣ 12 ቀን» ብሎ ሊጽፍበት ሲል ቀለሙ አይይዝም። ስልክሽን +251 ብለሽ መጀመሪያ ያለውን 0 አውጪው። የአገር ውስጥ ሰው ቴሌግራም ይጠይቅሻል፣ የውጭው ዋትሳፕ፤ ሁለቱም አንድ ቁጥር ላይ ይሁኑ፤ የመገለጫ ፎቶሽም ፊትሽ የሚታይበት ይሁን እንጂ አበባ ወይም ጥቅስ አይሁን።

ታቦር ሥር

ከኤክስፖርት ዴስክ ልቀጥል። ቁጥር ከተቀበልሽ ሰውየውን «አቶ እገሌ ሐዋሳ ቡና መድረክ፣ የታጠበ ይፈልጋል» ብለሽ መዝግቢው። «አቶ እገሌ ቡና» ብለሽ ካስቀመጥሽ በሳምንቱ ሦስት «አቶ እገሌ ቡና» ይኖሩሻል። መልእክቱ በዚያው ቀን ማታ ወይም በማግሥቱ ጠዋት ይሂድ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፤ እገሊት ነኝ፣ ከበንሳ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ጠዋት ጀበናው አጠገብ ስለ ማድረቅ የተነጋገርነው። የጠየቁኝን የእርጥበት መዝገብ አያይዣለሁ። መልካም ምሽት።»

«ሰላም ነው?» ብለሽ ብቻ ልከሽ መልስ አትጠብቂ። ሥራ ላይ ያለ ሰው «ሰላም ነው» ብሎ መልሶ ያበቃል፣ ማን እንደሆንሽም አያውቅም። ሁለተኛ መልእክት ከሳምንት በፊት አይላክ። ሦስተኛው አያስፈልግም።

ቀይ እሸት

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አንዱ ላኪ አለቃዬ አጠገብ ቆሞ «ወደ እኛ ለምን አትመጪም?» ቢለኝስ? እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሥራ ይለመዳል።

ሚዛን

«ስላሰቡኝ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ጣቢያዬን ወክዬ ነው የመጣሁት» በዪና ወዲያው ወደ አለቃሽ ዞረሽ «ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ተዋውቃችኋል?» ብለሽ አገናኛቸው። ደሞዝሽን ከጠየቀሽ ቁጥር አትጥሪ። በልብሽ ከፈለግሽው ካርዱን ተቀበዪ፣ መድረኩ ካለቀ በኋላ ከግል ስልክሽ ደውዪለት፤ በመሥሪያ ቤቱ ስልክና ኢሜይል ግን አይሁን።